የግድብ ዕድሜ የሚወሰነው በተራራው ላይ ነው፦ ከጉለሌ ቁልቁለት እስከ ቆጋ ማሳ

የአዲስ አበባው የጉለሌ ክፍለ ከተማ የተንተራሰው የእንጦጦ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች የውኃ መለያ ነው። በደቡቡ ገጽ ላይ የወረደው ዝናብ በቀጨኔ፣ በቀበናና በሌሎች የአቃቂ ገባሮች አዲስ አበባን አቋርጦ ወደ አዋሽ ሲገባ፣ በሰሜኑ ገጽ ላይ የወረደው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይፈስሳል። ተፋሰስ የሚባለው በላዩ ላይ የዘነበው ዝናብ ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ መውጫ የሚወርድበት የመሬት ክልል ነው፤ ስለዚህም በተፋሰሱ ራስጌ ላይ የሚደረግ ነገር ሁሉ፣ ዛፍ መትከልም ሆነ ዛፍ መቁረጥ፣ ማረስም ሆነ እርከን መሥራት፣ ውሎ አድሮ ከግርጌው መታየቱ አይቀርም።

በጉለሌ ክልል ውስጥ ለመስኖ ተብሎ የተሠራ ትልቅ የአፈር ግድብ የለም። ይሁን እንጂ ከጉለሌ ቁልቁለት በክረምት የሚታጠበው አፈር በአቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ከዚያ ያለፈውም እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተጠናቀቀው የቆቃ ሐይቅ ይገባል። ቆቃ የተገነባው ለኤሌክትሪክ ኃይል ቢሆንም፣ የክረምቱን የአዋሽ ሙላት አቁሮ በበጋ ስለሚለቅቅ ከታቹ ያሉት የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች የመስኖ ሕይወት በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። የተራራ ነዋሪና የሜዳ ገበሬ ባይተዋወቁም በአንድ ጅረት የተሳሰሩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ኢትዮጵያ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ፊቷን ወደ መስኖ ግድብ በስፋት አዙራለች፤ በ2014 ዓ.ም. የመስኖና ቆላማ አካባቢ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ መቋቋሙም የዚሁ ጉዞ አንድ ምዕራፍ ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ ግድቡን በመገንባትና ግድቡን በማኖር መካከል ያለው ልዩነት በቂ ትኩረት አግኝቷል ለማለት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም የአፈር ግድብ ዕድሜና ጥቅም ከግድቡ አካል ይልቅ ከግድቡ በላይ ባለው ተራራና ከግድቡ በታች ባለው ቦይ ላይ ይወሰናል የሚል ሲሆን፣ ለዚህም በአማራ ክልል የሚገኘው የቆጋ ግድብ ዋና ምሳሌ፣ ጉለሌ ደግሞ ማነጻጸሪያ ሆነው ይቀርባሉ።

የአፈር ግድብ አሠራርና አደጋው

የአፈር ግድብ ከአካባቢው የተቆፈረ አፈር፣ አሸዋና ድንጋይ በስሱ በስሱ እየተነጠፈ፣ ተገቢውን እርጥበት እንዲይዝ እየተደረገና በሮለር እየተጠቀጠቀ የሚገነባ ረጅም ጉብታ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ትላልቅ ግድቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ምክንያቱም ሲሚንቶና ብረት ከሩቅ ማጓጓዝን ይቀንሳል፣ ለኮንክሪት ግድብ የሚያስፈልገውን ያህል ጠንካራ የድንጋይ መሠረት አይጠይቅም፣ በአገር ውስጥ ባለሙያና መሣሪያም ሊሠራ ይችላል። በመካከሉ ውኃ በቀላሉ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ይቀመጣል፤ ከሸክላው ጎን ማጣሪያ የሚባል የአሸዋና የጠጠር ንብር ይደረጋል፤ ውኃው በሚመታው ገጽ ላይ ማዕበል እንዳይሸረሽረው ድንጋይ ይለበጣል፤ በጎኑ ደግሞ ሐይቁ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ጎርፍ በግድቡ አናት ላይ እንዳይፈስስ የትርፍ ውኃ ማስተንፈሻ ይሠራለታል።

ማንኛውም የአፈር ግድብ ጥቂት ውኃ ማስረጉ የማይቀር ስለሆነ፣ ባለሙያ ከግድቡ ግርጌ ሲቆም በመጀመሪያ የሚመለከተው የሚንጠባጠበውን ውኃ መጠንና መልክ ነው። ውኃው ጠርቶ ከወጣና መጠኑ ካልጨመረ፣ ማጣሪያው አፈሩን አስቀርቶ ውኃውን ብቻ እያሳለፈ ነው ማለት ነው፤ ደፍርሶ ከወጣ ግን ውኃው በግድቡ ሆድ ውስጥ መንገድ እየቆፈረ፣ አፈሩን እየሰረቀ መሆኑን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት ለመስኖና ለኃይል ተብሎ የተሠራው የቲተን የአፈር ግድብ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ እየተሞላ ሳለ ጠዋት በጎኑ የታየው ድፍርስ ምንጭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግድቡን አፍርሶ 11 ሰዎችን ገድሏል። ሁለተኛው አደጋ ውኃ በአናቱ ላይ መፍሰሱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በሊቢያ ከደርና ከተማ በላይ የነበሩት ሁለት ግድቦች ለዓመታት ጥገና ተነፍገው ከቆዩ በኋላ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ተንደው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፈዋል። የአፈር ግድብ ሠርተው የሚተዉት ሥራ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚያየው ዓይንና የሚጠግነው እጅ ይፈልጋል።

ቆጋ፦ የተስፋው መጠን

የቆጋ ወንዝ ከምዕራብ ጎጃም ደጋ ተነሥቶ በሜጫ ወረዳ መርአዊ አጠገብ አልፎ ወደ ግልገል ዓባይ፣ በእርሱም በኩል ወደ ጣና የሚገባ መጠነኛ ወንዝ ነው። ሸለቆው ለመስኖ ያለው አመቺነት በአሜሪካ የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት ከተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1964 ከታተመው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ሥራው እውን የሆነው ግን የአፍሪካ ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 ብድር ከፈቀደ በኋላ ሲሆን፣ ውኃው በሰፊው ማሳ ላይ መፍሰስ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዋናው ግድብ 21 ሜትር ያህል ከፍታና ከ1.7 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአፈር ግድብ ሲሆን፣ ከኋላው የተፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ እንዲይዝ፣ ከፊቱ ያለው ማሳ ደግሞ 7,000 ሄክታር እንዲለማ ታስቦ ተነድፏል።

እነዚህን ሁለት አኃዞች አንዱን ከሌላው ጋር ማገናዘብ የግድቡን ጥንካሬና ገደብ በግልጽ ያሳያል። 83 ሚሊዮኑ ሜትር ኪዩብ ለ7,000 ሄክታር ቢካፈል ለእያንዳንዱ ሄክታር 11,800 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም ማሳው ላይ እኩል ቢነጠፍ ከ1.1 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውኃ ማለት ስለሆነ ለሁለት ዙር ሰብል የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ሐይቁ ሲሞላ ከ1,700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ሐይቅ በመሆኑ፣ በረጅሙ በጋ ከገጹ 1 ሜትር ጥልቀት በትነት ቢያልቅ ብቻ 17 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ፣ ማሳ ሳይደርስ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ከቀረው ውስጥ አንድ ሦስተኛው በቦይ ስርገትና በአያያዝ ጉድለት ቢባክን፣ ለአንድ ሄክታር የሚደርሰው ወደ 6,000 ሜትር ኪዩብ ይወርዳል። ስንዴ እንደ አየሩ ሁኔታ ከ450 እስከ 650 ሚሊ ሜትር ውኃ የሚፈልግ ሰብል እንደ መሆኑ፣ ይህ መጠን አንድ ዙር ያጠግባል፤ ሁለተኛ ዙር ግን አይጨምርም። ስሌቱ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ቢሆንም ቁም ነገሩ አይለወጥም፤ አንዱ ግድብ የትርፍ ወይም የእጥረት ግድብ የሚሆነው እንደ ቦዩ ጤንነትና እንደ አስተዳደሩ ብርታት ነው።

ይህ ማለት ቆጋ ጥቅም አልሰጠም ማለት አይደለም። ቀድሞ የክረምትን ዝናብ ብቻ ጠብቆ በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ያመርት የነበረው የሜጫ ገበሬ በበጋ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ጎመን ማምረት ችሏል፤ በቅርብ ዓመታትም የአቮካዶ ተክል ተስፋፍቶ ለውጭ ገበያ እስከ መቅረብ ደርሷል። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያፈራ የነበረ መሬት ሁለት ጊዜ ማፍራቱ ለልጆች ትምህርት፣ ለቤት ክዳንና ለክፉ ቀን ጥሪት የሚሆን ገቢ ማስገኘቱን መካድ አይቻልም። ጥያቄው ይህ ጥቅም ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ምን ያስፈልጋል የሚለው ነው።

የደለል ሒሳብ

ደለል ጎርፍ ከቁልቁለት አጥቦ ያመጣውና ውኃው ሲረጋ ከሐይቁ ወለል የሚያርፈው አፈር ነው። የግድብ ነዳፊዎች ከውኃ መልቀቂያው በታች ያለውን የሐይቅ ክፍል ለዚህ ደለል ማረፊያ ብለው ይተዉታል፤ ይህም ክፍል ውኃው በቦይ ሊወጣ ስለማይችል የሞተ ክምችት ይባላል። ደለሉ ከዚህ ክፍል አልፎ መልቀቂያውን መዝጋት ሲጀምር፣ ሐይቁ ገና ውኃ የያዘ ቢመስልም ግድቡ እንደ መስኖ ግድብ መሞት ጀምሯል።

ክፉኛ ከተጎዳ ቁልቁለት ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር 24 ቶን አፈር ወደ ሐይቅ ይገባል፣ የአንድ ሜትር ኪዩብ ደለል ክብደትም 1.2 ቶን ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ከእያንዳንዱ ሄክታር በዓመት 20 ሜትር ኪዩብ ደለል ይመጣል ማለት ነው። ከግድቡ በላይ ያለው የቆጋ ተፋሰስ 165 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም 16,500 ሄክታር ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ግምት በዓመት 330,000 ሜትር ኪዩብ ደለል ይገባበታል፤ 83 ሚሊዮኑን ለመሙላት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አንድ ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ብቻ የሚይዝና 1,000 ሄክታር ተፋሰስ ያለው ትንሽ ግድብ ግን በዚያው ግምት በ50 ዓመት ይሞላል፤ የሞተ ክምችቱ ከጠቅላላው አንድ ዐሥረኛ ከሆነ ደግሞ መልቀቂያው በአምስተኛው ዓመት አደጋ ላይ ይወድቃል። የትንሽ ግድብ ሐይቅ ከተፋሰሱ ስፋት አንጻር እጅግ ጠባብ በመሆኑ የቁልቁለቱን ጥፋት የሚሸከምበት ትከሻ የለውም።

የኢትዮጵያ የቅርብ ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በትግራይ የተቋቋመው የዘላቂ ግብርናና አካባቢ ተሃድሶ ኮሚሽን በዐሥር ዓመት 500 ግድቦችን ሠርቶ 50,000 ሄክታር በመስኖ ለማልማት አቅዶ ነበር፤ በአማራ ክልልም ተመሳሳይ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ከዕቅዱ የተሠራው ከፊሉን እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ከተሠሩትም ውስጥ ብዙዎቹ ከተገመተው ቀድመው በደለል ተጎድተዋል፤ ሌሎቹም ውኃቸውን በመሠረታቸው እያሰረጉ ከታሰበው ማሳ ጥቂቱን ብቻ ለማጠጣት በቅተዋል። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚያቀርበው የአንገረብ ሐይቅም በዙሪያው ካለው ገደላማና የታረሰ መሬት በሚወርድ ደለል የመያዝ አቅሙ ተሸርሽሯል። የእነዚህ ሁሉ የጋራ ጉድለት ግድቡ አስቀድሞ ተሠርቶ የተራራው ሥራ በኋላ ይደርሳል ተብሎ መተዉ ነው።

ቆጋ ግዙፍ በመሆኑ ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ነው ብሎ መዘናጋት ግን ስሕተት ይሆናል። ደለል በሐይቁ አፍ ላይ፣ በቦዮች ውስጥና በሌሊት የሚመጣውን ውኃ በሚያጠራቅሙት ማከማቻ ኩሬዎች ውስጥም ይጠራቀማል፤ በየዓመቱ ከቦይ የሚዛቀው ቀይ ጭቃ አንድ ጊዜ የደጋው ገበሬ ማሳ የነበረ ለም አፈር ነው። በሜጫና በአካባቢው የባሕር ዛፍ መስፋፋትም ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ፈጣን ገንዘብ ስለሚያስገኝ ተመራጭነቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ይሁን እንጂ የመሬቱን እርጥበት አብዝቶ ስለሚጠጣና ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል፣ በግድቡ ራስጌ ሲበዛ የበጋውን ምንጭ ያሳሳል፣ ከመስኖ ማሳ አጠገብ ሲተከል ደግሞ በብዙ ወጪ የመጣውን ውኃ ይሻማል።

ውኃውን የሚያካፍለው ማን ነው?

በአማራ ክልል በባሕላዊ መስኖ ውስጥ የውኃ አባት የሚባል ሰው አለ፤ ተጠቃሚው ሕዝብ መርጦ የሚሾመው፣ ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ ሲጠረግ የሚያስተባብር፣ ተራ የሰበረውንም የሚቀጣ ሰው ነው። የዚህ ሥርዓት ብርታት ዳኛውና ተዳኙ በየዕለቱ በአንድ ቦይ ላይ የሚገናኙ መሆናቸው ነው። ሺህ ሄክታሮችን በሚያጠጣ ዘመናዊ ቦይ ላይ ግን የአንድ የውኃ አባት ዓይን ሁሉንም ማዳረስ አይችልም፤ በራስጌ ያለው ገበሬ ውኃውን ሌሊቱን ሲያፈስስ በግርጌ ያለው ቡቃያው ይደርቅበታል፣ በሩ ይሰበራል፣ ቦዩ በጎን ይቀደዳል፣ የተጣሉትም ፍርድ ፍለጋ ወደ ወረዳ ይመላለሳሉ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰበ ሲሆን፣ ተጠቃሚዎች ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር አቋቁመው ውኃውን እንዲያከፋፍሉ፣ የጥገና መዋጮ እንዲሰበስቡና አጥፊውን እንዲቀጡ መንገድ ይከፍታል። አዋጁ ወደ መሬት የሚወርደው ግን የውኃ አባትን ክብርና ቅርበት ከማኅበሩ የሒሳብ መዝገብና የሕግ ሥልጣን ጋር ማዋሐድ ሲቻል ነው። ገበሬው የከፈለው መዋጮ የእርሱን ቦይ በር ሲያስጠግን በዓይኑ ካላየ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለመክፈል አይነሣሣም።

የማካፈሉ ጥያቄ ከግድቡ በላይ ያሉትንም ይመለከታል። የቆጋ ሐይቅ የዋጠው ሜዳ ለብዙ አባወራዎች የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፤ ከሐይቁ በላይ ያለው የደጋ ገበሬም እርከን እንዲሠራ፣ ከብቱን አስሮ እንዲቀልብ፣ ቁልቁለቱን ከልሎ እንዲተው ሲጠየቅ ከግድቡ ውኃ አንዲት ጠብታ አትደርሰውም። በጤና በኩልም እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በትግራይ ከትናንሽ ግድቦች አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ መከሠት ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ዋጋ የሚከፍለው አንዱ፣ ጥቅም የሚያገኘው ሌላው በሆነበት ሁኔታ የተራራ ጥበቃ በዘመቻ ይጀመር እንደሆነ እንጂ አይዘልቅም።

ጉለሌ የሚያስተምረው

የተራራ ጥበቃ ለጠባቂው ጥቅም ካላስገኘ እንደማይዘልቅ ለመረዳት ከጉለሌ የተሻለ ቦታ አይገኝም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ታድጎ ከተማይቱ ከቦታዋ ሳትነሣ እንድትቀር አስችሏል፤ ያንን ውለታ መርሳት ፍትሐዊ አይሆንም። በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለው መሬት ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ለትውልዶች ድሆች እናቶች የረገፈውን ቅጠል እየጠረጉና ጭራሮውን እየለቀሙ፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም በጀርባቸው ይዘው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ቀጨኔ ሰፈሮች ሲወርዱ ኖረዋል፤ ቅጠሉ የተጠረገበት መሬት ደግሞ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት ውኃውን የሚያሰርግ ልባስ ስለሌለው፣ ጠብታው አፈሩን በቀጥታ እየመታ ይደፈርሳል፣ ጎርፉም ሥሮቹን አግጦ ይሄዳል። ጥፋቱ የሴቶቹ አይደለም፤ ሌላ ማገዶ፣ ሌላ መተዳደሪያ ያላገኘ ሰው ተራራውን እንዲጠብቅ መፍረድ አይቻልም።

በዚሁ ሰንሰለት ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በጽድ፣ በኮሶ፣ በወይራ፣ በዝግባና በመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች እየተካ ይገኛል። የአገር በቀል ደን ጥቅሙ ከዛፉ ቁመት ይልቅ ከሥሩ የሚታይ ነው፦ ሣሩ፣ ቁጥቋጦውና የበሰበሰው ቅጠል ዝናቡን ይዘው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ስለሚያደርጉት፣ በነሐሴ ጎርፍ ሆኖ ሊያልፍ የነበረው ውኃ በጥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከሐይቅ በፊት ያለው የመጀመሪያው ውኃ ማቆሪያ ይህ አፈር ነው፤ ሲሚንቶ አይፈልግም፣ በትነት የሚያጣውም ከሐይቅ ገጽ እጅግ ያነሰ ነው። ከተማዋ ለመጠጥ ውኃ የምትመካባቸው የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ተፋሰሶችም ከዚሁ ደጋ የተነሡ በመሆናቸው፣ ጉለሌ ላይ የተጀመረው ሥራ ለእነርሱም አርአያ ሊሆን ይገባል።

በጉለሌና በቆጋ መካከል ያለው ልዩነት በተቋም ላይ ነው። የጉለሌው ማዕከል ባለቤት፣ ባለሙያ፣ ድንበርና ዓመታዊ በጀት አለው። ከአብዛኞቹ የመስኖ ግድቦች በላይ ያለው ተራራ ግን ባለቤት አልባ ነው፤ ግድቡ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ቦዩ በሌላው፣ ተራራው ደግሞ በየዓመቱ በጥር ወር በሚደረግ የሕዝብ ዘመቻ ይያዛል፤ የክረምቱ ችግኝም ከተተከለ በኋላ ጠባቂው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

ብያኔ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው መደምደሚያ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ለማንኛውም የመስኖ ግድብ ብድር ወይም በጀት ሲፈቀድ የተፋሰሱ ሥራ የግንባታው አካል ሆኖ ከግድቡ ቀድሞ ይጀመር፤ በተለይ ትናንሽ ግድቦች ቁልቁለታቸው ሳይታከም ውኃ እንዳይሞሉ የሚከለክል መመሪያ ይኑር። ሁለተኛ፣ ከመስኖ ተጠቃሚው ከሚሰበሰበው መዋጮ የተወሰነው ድርሻ ተራራውን ለሚጠብቀው የደጋ ገበሬ በመኖ ዘር፣ በፍራፍሬ ችግኝ፣ በማገዶ ቆጣቢ ምድጃና በጥሬ ገንዘብ ይመለስ፤ በጉለሌም ከእንጦጦ ማገዶ ለሚኖሩ እናቶች የሚዘረጋው አማራጭ የውኃ ሥራ ወጪ ሆኖ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ግድብ የስርገቱን መጠንና መልክ፣ የሐይቁን የደለል ጥልቀትና የቦዩን ብክነት በየዓመቱ የሚመዘግብና ለተጠቃሚው ሕዝብ በግልጽ የሚያሳውቅ ኃላፊ ይኑረው።

እነዚህ ሦስቱ ከአንድ አዲስ ግድብ ግንባታ ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ሪባን የሚቆረጥባቸው ሥራዎች ስላልሆኑ በቀላሉ ይረሳሉ። ሥልጣንና በጀት በእጃቸው ያለ ሁሉ አዲስ ግድብ ለመሥራት ከመነሣታቸው በፊት ከተሠሩት ግድቦች በላይ ያለውን ተራራ ወጥተው ይዩት፤ ተራራው ከተራቆተ ግድቡ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ለትውልድ አይተርፍም።